ውሃ ሲመጣ የሚነሣ ቤት

ሰው ቤት ሲሠራ አጥብቆ የሚጠነቀቀው ቤቱ ከቆመበት ስፍራ እንዳይነቃነቅ ነው። ምሰሶው ጠልቆ ይተከላል፤ ማገሩ ይጠብቃል፤ ጭቃው ከጭድ ጋራ ተቦክቶ ይለጠፋል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ግድግዳውን በትከሻው ገፋ ያደርግና «ይህስ ለልጅ ልጅ ነው» ይላል። ቤት የሚመሰገነው ባለመንቀሳቀሱ ስለሆነ፥ ከአንድ ገበሬ ፊት ቀርቦ «ቤትዎን ውሃ ሲመጣ ከመሬት ተነሥቶ እንዲንሳፈፍ አድርገን እንሥራው» ማለት የዕብድ ንግግር ይመስላል። እኔም ይህን የዕብድ ንግግር ለአጎቴ ከተናገርሁ እነሆ ከአራት ዓመት በላይ ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን፥ የተሳሳትሁትንም ጭምር፥ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ለመግለጽ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የተወለድሁት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ነው። አገሩን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ርብና ጉማራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያቋርጡት፥ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ መሆኑን ይወቅልኝ። ወንዞቹ ከደጋው ሲወርዱ አፈር ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከሜዳው ሲደርሱ ግን ጕልበታቸው ይደክምና ሸክማቸውን በገዛ መኝታቸው ውስጥ ያራግፉታል። በዚህ ዓይነት የወንዙ ወለል ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ስለሚሄድ፥ ዳርና ዳሩ ውሃውን መያዝ ይሳነዋል። በክረምቱ መውጫ ደግሞ ሐይቁ ራሱ ሞልቶ ስለሚጠብቃቸው መግቢያ ያጣሉ። መግቢያ ያጣ ውሃም ወደ ሰው ቤት ይገባል።

«ታዲያ ሕዝቡ ለምን ከዚያ አይነሣም?» የሚል ጥያቄ በከተማ ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል። ጠያቂዎቹ ክፉ አሳብ የላቸውም። ነገር ግን ቤቱን የሚያፈርሰው ውሃ ማሳውን የሚያለማው ያው ውሃ መሆኑን አያውቁም። ፎገራ ዛሬ በሩዝ የታወቀው ውሃ ስለሚተኛበት ነው፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል፤ ከብቱም ከውሃው ሽሽት በኋላ የሚበቅለውን ሣር ይግጣል። የአገሬ ሰው ውሃውን እንደ ክፉ ጎረቤት ሳይሆን እንደ ኀይለኛ ዘመድ ነው የሚያየው፤ ይፈራዋል እንጂ አይጠላውም።

በ1998 ዓ.ም. በክረምቱ መውጫ ግን ዘመዱ ከልክ በላይ ተቈጣ። እኔ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ያሳደጉኝም እናቴ ከሞተች በኋላ የወሰዱኝ አጎቴና ሚስታቸው እትዬ ናቸው። ጎርፍ ሲባል እየጮኸ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የእኛው ግን አንዲት ድምፅ ሳያሰማ መጣ። እትዬ ሌሊት ከመደቡ ላይ እንደ ተኙ እጃቸው ወደ ታች ወረድ ቢል ከውሃ ገባ። «ተነሡ፥ ቤቱ ውስጥ ሐይቅ አለ» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ አለ። ከብቱን ፈትተን ለቀቅን፤ ሕፃናቱን ተሸከምን፤ አያቴን ግን መሸከም ስላልቻልን በማግስቱ አንድ የነገደ ወይጦ ሰው በደንገል ታንኳው መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ ከቆጥ ላይ አውጥተናቸው ቆዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ሆነን ስናይ መንደራችን የጣሪያ መንደር ሆኖ ነበር።

ከ11 ቀን በኋላ ተመለስን። ቤቱ ዘመመ እንጂ አልወደቀም ነበር፤ በመካከለኛው ምሰሶ ላይ ውሃው ያሰመረው መስመር ከወገቤ ላይ ደረሰ። አጎቴ ቢላዋ አውጥተው መስመሩን በምሰሶው ላይ ቀረጹት። ከዚያ በኋላ ወደ ጎታው ዞሩ። ጎታችን እንደ አገሩ ልማድ ከጭቃና ከእበት የተሠራ ስለ ነበረ ከሥሩ ሟሙቶ ተቀምጦ ነበር፤ የዓመቱ እህል ከጭቃው ጋራ ተለውሶ፥ ከፊሉ በቅሎ፥ ከፊሉ እንደ ጠላ ጥንስስ ይሸት ነበር። አጎቴ እፍኝ ዘግነው አሸተቱና መልሰው ጣሉት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ያን ዓመት የርዳታ ስንዴ በላን። ርዳታ መብላት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን እህል ይሰጡ የነበሩ ሰው እህል ለመቀበል ሲሰለፉ ያየ ልጅ ያንን ቀን አይረሳውም።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤትም መዝገብ ያዥ ሆንሁ። በክረምት ከየአገሩ የሚመጣው የጎርፍ ጉዳት ሪፖርት በእጄ ያልፋል። የፈረሰ ቤት ይህን ያህል፥ የሞተ ከብት ይህን ያህል፥ የጠፋ እህል በኩንታል ይህን ያህል እያልሁ ወደ መዝገብ እገለብጣለሁ። ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው «የፈረሰ ቤት» ከሚለው ዓምድ ላይ ነበር። በዚያ ላይ ማረፉ ስሕተት እንደ ነበረ ኋላ ይገለጻል።

በዚህ ጊዜ ስለሚንሳፈፉ ቤቶች ማንበብ ጀመርሁ። በኔዘርላንድ በማስ ወንዝ ዳር ማስቦመል በሚባል ስፍራ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ መሠረታቸው ውስጡ ባዶ የሆነ የሲሚንቶ ሣጥን ነው። በደረቅ ጊዜ በመሬት ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ግን ከጎናቸው የተተከሉትን የብረት ምሰሶዎች ተከትለው እስከ 5 ሜትር ተኩል ድረስ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ የውሃውና የመብራቱ መስመር የሚተጣጠፍ ስለሆነ አይበጠስም። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የባለጸጋ አገር ቤት ነው።

ልቤን የበለጠ የሳበው ድኾች የሠሩት ነው። በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት፥ የሚሲሲፒ ወንዝ ትቶት በሄደ አሮጌ መኝታ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፥ መሐንዲስ ሳይጠይቁ፥ ፎም የሚባለውን ነጭና ቀላል ዕቃ ከቤታቸው ሥር አስረው፥ ቤቱን ከአራት ምሰሶ ጋራ በማያያዝ ብዙ ዓመት ከጎርፍ ጋራ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ካጠፋ በኋላ በ2006 ኤልሳቤጥ ኢንግሊሽ የተባሉ መምህርት ትምህርቱን ከእነዚሁ ሰዎች ወስደው ለሌሎች ቤቶች እንዲሆን ማጥናት ጀመሩ። በቬትናም ታን ሆዋ የምትባል መንደር ደግሞ አለች። በ2010 ጎርፉ ሲያጥለቀልቃት ሕዝቡ ከገደሉ ላይ ወጥቶ ነፍሱን አዳነ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ባዶ በርሜሎችን ከእንጨት ወለል ሥር እያሰሩ፥ ውሃ ሲመጣ የሚነሡ ቀላል ቤቶችን ሠሩ። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካም 8,000 ያህል ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሥሩ የተሰበሰበበት ቤት ለሙከራ ተሠርቷል።

በአፍሪካችንም አለ። በሌጎስ ማኮኮ በሚባለው የውሃ ላይ ሠፈር፥ ኩንሌ አዴየሚ የተባሉት ናይጄሪያዊ የሕንፃ ሊቅ በ2013 በ256 የፕላስቲክ በርሜል ላይ የሚንሳፈፍ ባለ 3 ፎቅ ትምህርት ቤት ሠርተው ነበር። ዓለም ሁሉ አደነቀው። በ2016 ከከባድ ዝናብ በኋላ ፈረሰ። ተማሪዎቹ አስቀድመው ወጥተው ስለ ነበረ ሰው አልተጎዳም። እኔ ይህን ስሰማ ሥዕሉን ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌው ነበርና አዘንሁ፤ ሥዕሉን ግን አላነሣሁትም። የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ እንደ ታንኳ ዕለት ዕለት የሚጠብቀው እጅ እንደሚፈልግ ያስታውሰኛል። የጣና ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድ በየጊዜው ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው በወራት ይቈጠራል፤ ባለቤቱም ሌላ ያስራል።

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሒሳቡን ጀመርሁ። ሒሳቡ በትምህርት ቤት የተማርነው የአርኪሜዲስ ሕግ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናልና፥ ባዶ ሆኖ ውሃ ውስጥ የገባ አንድ ሜትር ኩብ ዕቃ ያንኑ ያህል ይሸከማል። ባለ 200 ሊትር በርሜል የራሱን ክብደት ቀንሰንለት 180 ኪሎ ይችላል እንበል። በመጀመሪያ ያየሁት የራሳችንን የጭቃ ቤት ነው። ርዝመቱ 6፥ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 22 ሜትር ነው፤ የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ከ30፥ ውፍረቱም 15 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ ጭቃው ብቻውን ከ12,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለጭቃው ብቻ 67 በርሜል ማለት ነው፤ ጣሪያው፥ ወለሉ፥ ሰውና ዕቃው ገና አልተቈጠረም። ደግሞም ጭቃ ወዝወዝ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጭቃውን ተውሁት። በግድግዳው ፈንታ ቀርቀሃና ሰሌን፥ በወለሉ ፈንታ የባሕር ዛፍ አጣና፥ በላዩም ቀላል ቆርቆሮ አደረግሁ፤ ቤቱ 3,000 ኪሎ፥ ሰውና ንብረቱ 1,500 ኪሎ ሆነ። ይህ 25 በርሜል ይበቃዋል፤ ነገር ግን ሸክሙ በርሜሎቹን ከሁለት ሦስተኛ በላይ እንዳያሰጥማቸው ብዬ 38 አደረግሁት። ሥዕሉን ሦስት ሌሊት ሠርቼ በቀለም አስጌጥሁት። እውነቱን ለመናገር በጣም ኰርቼበት ነበር።

አንድ መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ፤ ሥዕሉን ባሳየው ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «መውጣቱንስ ይውጣ፤ ሲወርድስ በምን ላይ ይቀመጣል?» አለኝ። አሳቡ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ቤቱ በተነሣ ጊዜ ጎርፉ ጉቶውንና እንጨቱን፥ ጭቃውንም ከሥሩ ያስገባል፤ ውሃው ሲሸሽ ቤቱ በጉቶ ላይ ቢቀመጥ አንዱ ጎኑ ወደ ላይ፥ ሌላው ወደ ታች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዙሪያውን በእንጨት አጥር መክበብ፥ ከሥሩም በደንብ የተስተካከለ የድንጋይ መቀመጫ ማበጀት ያስፈልጋል አለኝ። ይህን ጨመርሁበት። ሥዕሉን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አንድ ባለሥልጣንም አቅርቤው ነበር፤ «መልካም አሳብ ነው» ብለው ከመሳቢያቸው አስገቡት። እስከማውቀው ድረስ አሁንም በዚያው በመሳቢያው ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ጎርፍ አይደርስበትም።

በ2013 ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ አገሬ ስሄድ ሌላውን ቅጂ ይዤ ሄድሁ። ማታ ከእሳቱ ዳር ሥዕሉን ዘርግቼ ለአጎቴ ነገሩን አስረዳኋቸው። እሳቸው መነጽር ስለሌላቸው ወረቀቱን ከእሳቱ ብርሃን አቅርበው አዩት። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁት ግን እትዬ ናቸው።

«ምድጃው የት አለ?»

ምድጃ አልሣልሁም ነበር። በሦስት ሌሊት ሥራ ውስጥ ምግብ የት እንደሚበስል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። ምድጃ ጭቃ ነው፤ ምጣዱም ከባድ ነው፤ እሳትም ከሰሌን ግድግዳ ጋራ አይስማማም። «ሽንት ቤቱስ?» አሉ ቀጥለው። እሱም አልነበረም። እትዬ ሳቅ እያሉ፥ «ልጄ፥ ይህ ለሥዕል የሚሆን ቤት ነው እንጂ ለሰው አይደለም» አሉኝ።

አጎቴ አልሳቁም። በርሜሎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቈጠሯቸውና ዋጋቸውን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ይኸማ የጥንድ በሬ ዋጋ ነው» አሉ። እኔም ቤታቸው ቢፈርስ መልሶ ለማሠራት ወጪው ቀላል እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ።

«ስማኝ፥ ልጄ» አሉ። «ቤት ቢወድቅ እንጨቱ አለ፥ ጭቃውም ሞልቷል፤ ጎረቤት ተጠርቶ በደቦ ይሠራል። በ98 የገደለን ቤቱ ነው? የገደለን ጎታው ነው። እኛ እግር አለን፥ ከብቱም እግር አለው፤ ወደ ጉብታው እንወጣለን። እህል ግን እግር የለውም። ልታንሳፍፍልኝ ከፈለግህ እህሌን አንሳፍፍልኝ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ሁሉ ዓመት ከመዝገቡ ላይ «የፈረሰ ቤት» የሚለውን ዓምድ ሳይ፥ ከጎኑ ያለውን «የጠፋ እህል» የሚለውን በእጄ እየገለበጥሁ በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ያውም የሟሟውን ጎታ ያሸተትሁ እኔ ራሴ ነኝ። ዋጋው ርካሽ የሆነ የሚንሳፈፍ ቤት ፍለጋ ስደክም ከርካሽነቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን አልጠየቅሁም፤ ይኸውም ከቤቱ ውስጥ ውሃ ሲመጣ በግድ መነሣት ያለበት የትኛው ክፍል ነው የሚለው ነው። በኔዘርላንድ ሰውየው ሳሎኑን ያነሣል፤ እህሉ ያለው በሱቅ ነውና። የፎገራ ገበሬ ግን ቤቱ ጎተራውም ሱቁም ባንኩም ነው።

በማግሥቱ ሥዕሉን ገልብጬ በጀርባው ላይ አዲስ ነገር ጀመርሁ። ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል፥ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ከአጣና የተሠራ ወለል ነው። ከቤቱ አጠገብ 4 ረዣዥም ምሰሶ ይተከላል፤ ምሰሶዎቹ ከላይ የሣር ክዳን ይሸከማሉ፤ ወለሉ ደግሞ በአራቱ ማዕዘን በቀለበት ተይዞ ከክዳኑ ሥር በእነሱ ላይ ይወጣል ይወርዳል። በርሜል በመግዛት ፈንታ በየቤቱ ውሃ የሚቀዳበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወሰድን። አንዱ 19 ኪሎ ያህል ያነሣል። 6 ኩንታል እህል 600 ኪሎ፥ ወለሉም 150 ኪሎ ቢሆን፥ ሸክሙ 750 ኪሎ ነው፤ 60 ጀሪካን ደግሞ 1,140 ኪሎ ይችላል። ጀሪካኖቹን አቁመን ስናስራቸው ውሃው ከአንድ ስንዝር ጥቂት እንዳለፈ ወለሉ መነሣት ይጀምራል ማለት ነው። አሮጌ ጀሪካን በመሰብሰባችን የጠቅላላው ወጪ ከአንድ ሙክት ዋጋ ብዙ አልራቀም። አጎቴ ስሙን «ተንሳፋፊ ቆጥ» አሉት፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ሥራው ግን በወረቀት እንዳለው አልሄደም። በመጀመሪያ ጀሪካኑ ሁሉ ደኅና አልነበረም፤ ስንጥቅ ያለበትን ለመለየት እያንዳንዱን ውሃ ውስጥ እየደፈቅን አረፋ የሚያወጣውን ጣልን፤ የቀሩትን ክዳናቸውን በቀለጠ ሰም አሸግን። ሁለተኛም ፀሐይ ፕላስቲክ ያደርቃልና፥ ዙሪያውን በሰሌን መጋረድ ነበረብን። ሦስተኛው የሙከራው ቀን ነው። አጎቴ በእህል መሞከርን አልፈቀዱም፤ በሚዛን የተመዘነ 6 ኩንታል አሸዋ ጫንንበት። ቆጡን አፈር ከወጣበት ጕድጓድ ውስጥ አስቀምጠን ከሩዙ ማሳ ቦይ ቀድደን ውሃውን ቀስ እያልን ለቀቅንበት። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። ውሃው ከስንዝር አለፍ ሲል አጣናው ተንቋቋ፥ ወለሉም ተነሣ፤ ልጆቹ እልል አሉ። እኔም እልል ማለት ዳድቶኝ ነበር። ነገር ግን የአንዱ ማዕዘን ቀለበት ከምሰሶው ልጥ ጋራ ተጣብቆ ቀረ፤ ሦስቱ ማዕዘን ሲወጣ አንደኛው ተያዘና ወለሉ ዘመመ፤ አንዱ ከረጢት ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ጧ ብሎ ገባ። ልጆቹ ሳቁ። አጎቴ «እህል ቢሆን ኖሮ ሄዷል» ብለው ብቻ ወደ ቤት ገቡ።

ከዚህ የተማርነው ነገር በየትኛውም ካነበብሁት ጽሑፍ ውስጥ ጎልቶ አላገኘሁትም። ማንሳፈፍ ቀላል ነው፤ ባዶ ነገር ሁሉ ይንሳፈፋል። የሚያስቸግረው ቀጥ ብሎ እንዲወጣና ቀጥ ብሎ እንዲወርድ፥ ወዲያና ወዲህም እንዳይሄድ ማድረግ ነው። ስለዚህ ምሰሶዎቹን ልጣቸውን ልጠን ሞራ ቀባናቸው፤ ቀለበቱን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቈርጠን ሰፋ አደረግነው፤ ከረጢቶቹም ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር እንዲደረደሩና በገመድ እንዲታሰሩ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ ደኅና ወጣ። በሦስተኛውም ወጣ። አጎቴ በአራተኛው ላይ ራሳቸው ዘልለው ወጡበትና ተቀመጡ።

ይህን የምጽፈው የሚንሳፈፍ ነገር በየትኛውም የጎርፍ አገር ይሠራል ለማለት አይደለም። በዚያው በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ድሬ ዳዋን ሌሊት የመታት ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በጥድፊያ የሚመጣ ውሃ ፊት በጀሪካን ላይ የተቀመጠ ቤት ቢቆም ሰውን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ላለው ስፍራ የሚበጀው የወንዙን መንገድ ለወንዙ መተው፥ አስቀድሞም ማስጠንቀቅ ነው። በነሐሴ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ከ300 በላይ ሰው የጨረሰበትን ጥፋትም አልረሳሁም። ቆጡ የሚያገለግለው ውሃው ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ በሚሄድበት፥ እንደ ፎገራና እንደ ጋምቤላ ባሮ ዳር ባለው ለጥ ያለ አገር ነው። ደግሞም ቆጥ ሠራን ተብሎ የጉና ተዳፋት ሳይታረከንና ዛፍ ሳይተከልበት፥ የወንዙም ዳር ሳይጠገን ሊቀር አይገባም፤ አንድ ሰው ጃንጥላ ስለያዘ ጣሪያውን መክደን አይተውም።

ሰው ራሱ የሚያድርበት ሙሉ ቤትም አሳቡ ከእኔ አልጠፋም። የጉብታ መሸሻ የሌለው መንደር አለና፥ ለእንዲህ ያለው ምድጃውን በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በቀጭን ጭቃ መሥራት፥ ሽንት ቤቱንም ከቤቱ ለይቶ በከፍታ ላይ ማቆም ሳይሻል አይቀርም። እትዬ ይህን አሳብ ነግሬያቸው «አሁን ገና ቤት መሣል ጀመርህ» ብለውኛል።

ባለፈው ክረምት ርብ ዳሩን አልፎ መውጣቱን በሰማሁ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት አጎቴ ነበሩ።

«አያ፥ ውሃው እንዴት ነው?»

«ደጃፍ ደርሶ ቆሟል።»

«ቆጡስ?»

«እህሉ ከላዩ ነው። ውሃው ግን ስንዝር አልሞላም፤ አልተነሣም» አሉ፤ ከድምፃቸው ቅር የተሰኙ መሰለኝ። ቀጥለውም፥ ዶሮዎቹ የአገር ቆጥ መስሏቸው ከከረጢቱ ላይ ማደር መጀመራቸውንና እትዬ በጣም መቈጣታቸውን ነገሩኝ። ውሃው በሦስተኛው ቀን ሸሸ።

ከሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝ። በመካከለኛው ምሰሶ ላይ በ98 የቀረጹትን መስመር ሦስት ጎረቤቶች መጥተው በክንድ ለክተውት ሄደዋል፤ ከእነሱም አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ነች፤ ምሰሶውን ቈርጣ አስተክላለች፥ ጀሪካን ግን አልሞላላትም። «20 ጎድሏታል» አሉኝ። አሁን በመሥሪያ ቤቴ ከመዝገብ ክፍሉ በር ኋላ፥ ባልደረቦቼ ከየቤታቸው ያመጧቸው 14 ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ይገኛሉ። ሁለቱ ስንጥቅ አላቸው።